የማይተካው ጣሰው

ሰውን በስድብ ማሰር አይቻልም፤ የተሰደበ ሰው ጥሎ ይሄዳል። በምስጋና ግን ይቻላል። ይህን ከመጽሐፍ አልቀዳሁትም። ነጌሌ ላይ፣ ከቤቴ አጥር ማዶ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲደረግ አይቼዋለሁ። የታሰረው ሰው ጎረቤቴ ጣሰው ነው።

የጣሰው አባት ወታደር ነበሩ። ጣልያን ከወጣ በኋላ ከጦሩ ጋር ወደ ነጌሌ ሲወርዱ ሚስታቸውንና የስድስት ዓመት ልጃቸውን አስከትለው መጡ። ልጁ እዚሁ አደገ፣ እዚሁ ስምንተኛ ክፍል ጨረሰ፣ ከቦረና ልጆች ጋር ኳስ እየተራገጠ አፉን በኦሮምኛ ፈታ ማለት ይቻላል። ማዕድን ፈላጊዎች ወደ አገራችን ሲመጡ ናሙና ተሸካሚ አድርገው ቀጠሩት። ተሸካሚ ሆኖ አልቀረም። የሚሸከመውን እየጠየቀ፣ የሚጥሉትን መጽሔት እያነሣ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጠ፣ ድንጋይ ዐውቆ ቁጭ አለ። በመጨረሻ የናሙና መጋዘን ጠባቂና ካርታ ገልባጭ ሆነ። መጋዘኑ ከጦር ሰፈሩ አጠገብ ያለው ረጅሙ ቆርቆሮ ቤት ነው። ውስጡ ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ነው፤ እያንዳንዱ ድንጋይ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል። ቁጥሩን ጥሩት፣ ጣሰው ዐይኑን ጨፍኖ ከየት እንደመጣ ይነግራችኋል።

ይህ የእንጀራ ሥራው ነው። ስለ እሱ አቤቱታ የለኝም። አቤቱታዬ ስለ ሌላው ሥራው ነው።

በ1952 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ምድር አጥኚዎች ማኅበር የሚባል ተቋቋመ። ዲግሪ ያላቸው፣ ዲፕሎማ ያላቸው፣ ውጭ አገር ደርሰው የመጡ ሰዎች ናቸው። ሊቀ መንበሩ አቶ ወልደሚካኤል ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ በማዕድን መሥሪያ ቤቱ የጣሰው የበላይ አለቃ ናቸው። ማኅበሩ በደቡብ ሰው ያስፈልገው ነበርና ጣሰውን «ተባባሪ አባል» አሉት። ተባባሪ አባል ማለት ይሠራል፣ ድምፅ አይሰጥም ማለት ነው። ድምፅ ለባለ ዲፕሎማ ነው። ወዲያውም የደቡብ ጸሐፊ አደረጉት። ድምፅ የሌለው ጸሐፊ! ይህን ሲነግረኝ ሳቅኩ፤ እሱ ግን አልሳቀም፤ ደስ ብሎት ነበር።

ዕሁድ ዕሁድ በነጌሌ ዙሪያ ለማኅበሩ ድንጋይ ይለቅማል። የዓመት ፈቃዱን ሜጋ ወርዶ ይጨርሰዋል። ከጦር ሰፈሩ ባዶ የጥይት ሣጥን ለምኖ፣ ድንጋዩን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በኤንትሬ የጭነት መኪና አስጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይልካል። የሞያሌንና የሻኪሶን መምህራን አባል ያደርጋል፤ ለማኅበሩ መጽሔት የመንገዱን ካርታ ይስላል። ሁሉም በነፃ ነው። አዲስ አበባ ያለው ባለሙያ ሣጥኑን ከፍቶ ጽሑፍ ይጽፍበታል። ከጽሑፉ ግርጌ «ለጣሰው ምስጋና ይድረሰው» የምትል አንዲት መስመር ትኖራለች። ያቺን መስመር በእርሳስ አስምሮ ለሚስቱ ለእሙሽ ያሳያታል።

«ይቺን ነው ዛሬ ከሽሮው ጋር የምናቀርባት?» ትለዋለች።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ፤ በእንግሊዝ አገር ሁሉ ይነበባል።»

«እንግሊዞቹ ሲያነቡት ልጆችህ አባታቸውን ዕሁድ አላዩትም በላቸው።»

በደል እንዳይሆንብኝ እውነቱን ልናገር፤ ሥራውን ይወደው ነበር። አንዴ የሚያልፍ አሥር አለቃ አስቁሞ፣ በእጁ ያለው አረንጓዴ ድንጋይ ከምድር ሆድ ስንት ኪሎ ሜትር ሽቅብ እንደመጣ ሲያስረዳው አሥር አለቃው ሰላምታ ሰጥቶት ነው የሄደው። እንዲህ ያለ ሰው በዘመኑ ሁሉ የሌላውን ሣጥን ሲጠቀልል መኖር አለበት? እኔ የለበትም እላለሁ።

እሱም የለብኝም ብሎ ያውቃል። በ1960 አዲስ አበባ ላይ የሁለት ዓመት የሥነ ምድር ኮርስ ተከፈተ። ስምንተኛን የጨረሰ፣ በሥራው የቆየ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ያልሞላው ይገባል። ከዚያ በኋላ ዲፕሎማ አለ፣ ድምፅ አለ፣ በራስ ስም መጻፍ አለ። ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ለማመልከት ከባለሙያ ማኅበር የድጋፍ ደብዳቤ፣ ለመግባት ከመሥሪያ ቤት መሸኛ። ሁለቱንም የሚሰጡት አንድ ሰው ናቸው፤ አቶ ወልደሚካኤል።

ጣሰው ጠየቀ። የድጋፍ ደብዳቤው በታሸገ ፖስታ መጣለት፤ ከማመልከቻው ጋር አያይዞ ይልከው ዘንድ። እሙሽ ፖስታውን በመስኮት ብርሃን አንጋጣ አየችው።

«ክፈተውና እንስማው» አለች።

«ነውር ነው።»

«ምኑ ነው ነውሩ? ስላንተ አይደል የተጻፈው?»

«ስለኔ ስለሆነማ ነው! ትልቅ ሰው ላመስግነው ብሎ የጻፈውን ከጀርባው ሆኜ ምን አለ ብዬ ላጮልቅ? አሳዳጊ የበደለው ልባል?»

እኔም ቆሜ ነበርና «ክፈተው» አልኩት። አልሰማኝም፤ አባቴ አሳድጎ የሰጠኝ ይሉኝታ ነው ብሎ ፖስታ ቤት ወሰደው። ያን ዓመት አልተጠራም። በ1961 እንደገና፤ አልተጠራም። በ1962 እንደገና። ሦስቱንም ፖስታ በገዛ እጁ ሳይከፍት ላከ፤ ሦስቱንም ጊዜ «ዘንድሮ ብዙ ሰው አመልክቶ ይሆናል» አለ። በሐምሌ 1963 ሠላሳ አምስት ዓመት ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ በሩ ዝግ ነው።

በሚያዝያ 1963 የማኅበሩ አባላት ለዓመታዊ ጉብኝት ወደ ደቡብ ወረዱ፤ ዐሥራ አራት ሰዎች በሦስት ላንድሮቨር። ጣሰው የዓመት ፈቃዱን ወስዶ መንገድ መሪ ሆነ። ከሜጋ ወዲህ ወዳለው የጨው ጉድጓድ ወሰዳቸው። ያላየው ሰው ቢኖር፤ ምድር ፈንድታ የተከፈተች ገደል ናት፤ ከታች ጥቁር ሐይቅ አለ፤ ሰዎች ራቁታቸውን እየገቡ ከሥሩ ጨው ያወጣሉ፤ አህዮች ጨውን ተሸክመው ያንን ዳገት ይወጣሉ። ከዚህ የምጽፈውን ከጣሰው አፍ ሰምቼዋለሁ፤ የጨው አውጪዎቹ አለቃ አብዱባም አልካደውም።

«አካም፣ አባ ዳጋ!» አለው አብዱባ ከታች ሆኖ። አባ ዳጋ ማለት የድንጋይ አባት ማለት ነው፤ ያገሩ ሰው ጣሰውን እንዲህ ነው የሚጠራው።

«ናጋ ነው አብዱባ፤ ከብቱ፣ ልጆቹ?»

«ናጋ፣ ናጋ። ይሄን ሁሉ ሰው ምን ብለህ አመጣኸው? አገራቸው ድንጋይ የለም?»

«አለ። እንዲህ ያለ የለም።»

አብዱባ በጣሰው ጀርባ ያለውን ከረጢት በመዳፉ መዘነው። «እኔ ጨው ይዤ እወጣለሁ፤ ሸጬ እበላለሁ። አህያዬ ጨው ይዛ ትወጣለች፤ ሣር ትበላለች። አንተ ድንጋይ ይዘህ ትወጣለህ፤ ምንም አትበላም። እስቲ ፍረድ አባ ዳጋ፣ ከሦስታችን አህያው ማን ነው?»

ጨው አውጪዎቹ በሳቅ ፈረሱ፤ ጣሰውም ሳቀ።

ዳገቱን ሲወጡ ወይዘሪት ሮማነወርቅ የተባለች አባል ትንፋሽ አጥሯት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። በኮርሱ የምታስተምር ናት፤ ማኅበሩ ውስጥ ከገባች ዓመት አልሞላትም፤ ደቡብንም ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ጣሰው ውኃ አቀበላት።

«አቶ ጣሰው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ አይቀየሙኝም?» አለች። «እዚህ ሦስት ቀን ሲያስረዱ ሰማሁዎት። ለምንድን ነው ኮርሱን እንቢ ያሉት?»

«ማን? እኔ?»

«ስምዎ በሦስቱም ዓመት ከተመረጡት ውስጥ ነበር። መዝገቡን እኔ ነኝ የምይዘው። ደብዳቤዎ ግን ሦስቱንም ጊዜ አንድ ነው የሚለው።»

«ምን ይላል?»

እየተጠራጠረች አየችው። «አላነበቡትም? ‹አቶ ጣሰው በደቡብ የማይተኩ ሰው ናቸው፤ ራሳቸውም ባሉበት ቦታ መቆየትን ይመርጣሉ› ይላል። ከዚያ በላይ ስለርስዎ የተጻፈውን ምስጋናማ፣ እኔ ስለ አባቴም አልሰማሁ።»

 ጣሰው ከረጢቱን አውርዶ እንደገና ተሸከመው፤ ለምን እንዳወረደው እሱም አያውቅም።

«ዘንድሮም ቦታ አለ» አለችው። «እስከ ሰኔ ሠላሳ ይዤ ላቆየው እችላለሁ። የሚጎድለው መሸኛ ብቻ ነው። አቶ ወልደሚካኤል እኮ ከላይ መኪናው ዘንድ ቁጭ ብለዋል፤ ይጠይቋቸው!»

አልጠየቃቸውም። ሜጋ ላይ ሰው በዛ፤ መንገድ ላይ መኪናው አንኳኳ፤ ያቤሎ ላይ አቶ ወልደሚካኤል ራሳቸውን አሟቸው። ምክንያት የሚፈልግ ሰው ደቡብ ላይ አያጣም።

ነጌሌ ሲገቡ ለእሙሽ ነገራት። ጮኸች።  በማግሥቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ በትምህርት ቤቱ ክፍል ሊደረግ ነው። ሸሚዙን እያቀበለችው፣

«ጣሴ፣ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል» አለችው። «ዛሬ ባትናገር እኔ እናገራለሁ። ሻይ አቅራቢ ሆኜ ነው የምገባው፤ ብርጭቆውን ጥዬ እናገራለሁ።»

«እናገራለሁ አልኩሽ እኮ።»

እኔ ወንበር ተሸካሚ ሆኜ ገባሁና ከበሩ አጠገብ ቆምኩ። ጉባኤው ነጌሌ ስለተደረገ የጉባኤው ጸሐፊ ጣሰው ነው፤ ቃለ ጉባኤውን ይጽፋል። አቶ ወልደሚካኤል በሙሉ ድምፅ እንደገና ሊቀ መንበር ሆኑ። ከዚያ ተነሥተው ስለ ጣሰው ተናገሩ። ምን ልበላችሁ? አማርኛቸው ያማረ ነው። የደቡብ ዐይናችን አሉት፤ የማኅበሩ አከርካሪ አሉት፤ «የደቡብ ቋሚ ተጠሪ» የሚል ማዕረግ ሰጡት። ቋሚ! ቃሉን ልብ በሉልኝ። ጭብጨባ ሆነ። «እስቲ ሁለት ቃል በለን» አሉት።

ጣሰው ተነሣ። እጁ በመዝገቡ ላይ ነበር።

«ጋሼ» አለ፤ ድምፁ ከኋላ አይሰማም። «ስለ ምስጋናው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ የምፈልገው... የኮርሱ ቦታ አለ ተብያለሁ። መሸኛ ቢጽፉልኝ። ዘንድሮ ካልሄድኩ ዕድሜዬ ያልፋል።»

 እሙሽ የሻዩን ትሪ እንደያዘች ቆመች።

አቶ ወልደሚካኤል ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ በቀለለን። የአባት ሳቅ ነበር። «አይ ጣሰውዬ! አንተ ሂደህ ደቡብን ለማን ልትተዋት ነው? አያችሁ ትሕትናውን? ከኛ አንዱ ለመሆን ይማር ይላል፤ ከኛ በላይ የሆነው ሰው! አጨብጭቡለት እንጂ!»

አጨበጨቡ። ጣሰው አፉን ከፈተ፤ ጭብጨባው አልቆመም። እንደገና ከፈተ፤ አንዱ ተነሥቶ ትከሻውን አቀፈው። ሮማነወርቅ ብቻ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። እኔም አጨበጨብኩ። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ሌባ ነኝ። ሁሉ ሲያጨበጭብ እጄ ከነሱ ጋር ተነሣ፤ ለአንድ ሰው ጥያቄ መልሱ ያ ሆነ። እሙሽም ብርጭቆውን አልጣለችም። «እንደ ሠርግ ሲያጨበጭቡ ምን ብዬ ልጮህ?» አለችኝ በኋላ።

ዕሁድ ጠዋት ላንድሮቨሮቹ በመጋዘኑ በር ሞተራቸውን አስነሥተው ቆሙ፤ በሻኪሶ በኩል አዲስ አበባ ሊገቡ ነው። አቶ ወልደሚካኤል መዝገቡን ይዘው ወረዱ።

«እዚህች ላይ ፈርምልኝ፣ ቶሎ፤ መንገዱ ሩቅ ነው።»

የማኅበሩ ፈቃድ በየዓመቱ ሲታደስ በጸሐፊው የተፈረመ ቃለ ጉባኤ ይጠየቃል። ያለ ጣሰው ፊርማ አይሆንም። በዐሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እሳቸው ከሱ የሚፈልጉት፣ እሱ ሊከለክላቸው የሚችል ነገር ነበር። ይህን እኔ አየሁ፤ እሙሽ አየች፤ እሱም አይቷል።

ጣሰው የመጨረሻውን ገጽ አነበበ። ከሱ ጽሕፈት በታች በሌላ ቀለም አንድ መስመር ተጨምሯል፤ «አቶ ጣሰው የቋሚ ተጠሪነቱን ኃላፊነት በደስታ ተቀብለዋል»።

«ጋሼ፣ ይቺን እኔ አልጻፍኳትም።»

«ረስተሃት ነው። እኔ ሞላሁልህ።»

«አልረሳኋትም። ይሰርዙልኝ።»

«ምኑን?»

«‹በደስታ› የምትለውን።»

አቶ ወልደሚካኤል ወደ መኪናዎቹ ዞረው አዩ። ሰዎቹ በመስኮት ብቅ ብለዋል። «አሁን ይሄ የልጅ ሥራ አይሆንም? ያኮረፍከው ስለ መሸኛው ነው? አዲስ አበባ ስገባ አየዋለሁ።»

እሙሽ ከበሩ ላይ ሆና በጥርሷ መካከል፣ «በለው! መሸኛውን ይጻፉ በላቸው! እዚሁ መኪናው ላይ ይጻፉት!» አለች።

አላለም። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ ያንን ፊርማ በእጁ ይዞ፣ ነፃነቱን የሚገዛበትን ብቸኛ ነገር ይዞ፣ የጠየቀው አንዲት ቃል እንድትሰረዝለት ነው! «ሥራዬን በደስታ ሠርቻለሁ» አለ። «እዚህ መቅረቴን ግን በደስታ አልተቀበልኩም። ቃሏን ይሰርዙና እፈርማለሁ። መሸኛውን ደግሞ እንደ ሕሊናዎ።»

ዐሥራ ሦስት ሰው እያየ ሊቀ መንበር የጻፈውን አይሰርዝም። አቶ ወልደሚካኤል መዝገቡን ዘግተው፣ «ከፍ አድርጌህ ነበር» ብለው ገቡ። ሮማነወርቅ ከኋለኛው መኪና «እስከ ሰኔ ሠላሳ!» ብላ ጮኸች፤ አቧራው ዋጣት።

እሙሽ ሦስት ቀን አላናገረችውም።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ከሜጋ ወሬ መጣ። ኃይለማርያም የሚባል መምህር የደቡብ ጸሐፊ ሆኖ ተሾመ፤ ቃለ ጉባኤውንም እሱ ፈረመው። ጉባኤው በተደረገበት ቀን ሰውየው ሜጋ ላይ ፈተና እያረመ ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት አይተካም የተባለው ሰው በዐሥራ አንድ ቀን ተተካ! ቁጥሩን ያሳመርኩት እንዳይመስላችሁ፤ ቆጥሬዋለሁ።

ጣሰው እንኳ በዚህ ተስፋ አደረገ። ቁጭ ብሎ ጻፈ፤ «የማልተካ በመሆኔ ተከልክዬ ነበር፤ አሁን ስለተተካሁ መሸኛ ይሰጠኝ»። እኔ ስለ ወደድኩት ሁለት ጊዜ አስነበብኩት። ግንቦት አለቀ። ሰኔ ገባ። በየሳምንቱ ፖስታ ቤት ይመላለሳል። ሰኔ ሠላሳ ቀን መጋዘኑ ውስጥ ሆኖ የደበዘዘ ቁጥር በነጭ ቀለም ሲያድስ ዋለ፤ አመሻሽ ላይ ቡና ይዤለት ስገባ ሰዓቱን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ «አሁን ቢሮ ይዘጋሉ» አለ።

መልሱ ሐምሌ ሃያ ሁለት ቀን ደረሰ። ጥያቄው በሚገባ ተመርምሯል ይላል፤ ነገር ግን አመልካቹ የተወሰነውን ዕድሜ ስላለፉ መሥሪያ ቤቱ ያዝናል ይላል። ዕድሜው ያለፈው ደብዳቤው በጠረጴዛ ላይ ሲያድር ነው። ያዝናል ይላል!

በመስከረም ኃይለማርያም ከሜጋ መጣ። ደህና ሰው ነው፤ ጥፋት የለበትም። የማኅበሩን ደብዳቤ ይዟል፤ አረንጓዴው ድንጋይ የሚገኝበትን ስፍራ ጣሰው እንዲያሳየው «በመተባበር መንፈስ» ይጠይቃል። ጣሰው ካርታውን ስሎ ሰጠው። እሙሽ በንዴት በሩን ስትዘጋው ቆርቆሮው ጮኸ።

«ለምን ሰጠኸው?» አልኩት ሰውየው ሲሄድ። አልማርኩትም። «ፊርማህን በእጅህ ይዘህ መሸኛውን አልጠየቅክም፤ ካርታህን ደግሞ በነፃ ትሰጣለህ። አንተ ሰው ምን ዓይነት ፍጡር ነህ? ፈርመህ ቢሆን ምናልባት አቶ ወልደሚካኤል አፍረው ይጽፉልህ ነበር!»

«ይሆናል።»

«ታዲያ?»

«ብፈርም ኖሮ ወዶ ቀረ ይባላል። አሁን ግን ተይዤ ነው የቀረሁት።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው? ያው ነጌሌ ነህ! ያው መጋዘን!»

«ነኝ» አለ። «ግን እኔ ተስማምቼበታለሁ የሚል ወረቀት የትም የለም።»

እኔ ይህ አይበቃም እላለሁ። ዛሬም እላለሁ፤ እሱ ቢሰማም ግድ የለኝም። ወረቀት ላይ ያልተዋረደ ሰው በሕይወቱ ይዋረድ ማለት ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ባለሙያ ሁሉ፣ የፊርማውን ነገር ያየ ወይ የሰማ ነውና፣ መጋዘኑ በር ላይ ሲደርስ እንደ ድሮው «አንተ ጣሰው፣ ሣጥን አቅርብ» አይለውም። ቆሞ ያንኳኳል። ጣሰውም «በሥራ ሰዓት ይምጡ» ይለዋል፤ ዕሁድ ከሆነ አይከፍትም። ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፎ፣ የሚያንኳኳው እስኪደክመው ይጠብቃል።